የመንደር ጎተራ ሳይጎድል እንዲሰነብት
(በነአኩቶ ለአብ ዙሪያና በላስታ ደጋ ላሉ ገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ ስላለው እህል ነው። በተለይም የአንድ መንደር ሰዎች አዋጥተው በአንድነት ስለሚያስቀምጡት፣ አንዳንዱ «የእህል ባንክ» ሌላው «የመንደር ጎተራ» ስለሚለው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ጎተራ መክፈት እምብዛም አያስቸግርም። ቆርቆሮ ይገኛል፤ ማገር ይገኛል፤ በመጀመሪያው ዓመት መነሻ እህል የሚሰጥ የረድኤት ድርጅትም አይጠፋም። የሚያስቸግረው በአራተኛው ዓመት ጎተራውን ከነእህሉ ማግኘት ነው። ስለዚህ ንግግሬን በሙሉ ለማሰንበቱ ነገር አውለዋለሁ።

በላስታ የገበሬ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ቢሆንም ነገሩን ለማያያዝ ያህል ባጭሩ ላንሣው። ገብሱ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ስንዴውና ጤፉ ይከተላል። ታኅሣሥ ሲገባ ግብሩ፣ የማዳበሪያው ሒሳብ፣ የልጆቹ ደብተርና የዕዳ ጠያቂው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ። ሁሉም ሰው እህሉን በአንድ ጊዜ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። ያው ሰው በሐምሌና በነሐሴ፣ እርሻው ለምልሞ ጎታው ሲራቆት፣ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ሊገዛ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል። ገንዘብ ያጣ እንደ ሆነ ይበደራል፤ አንድ ቁና ተበድሮ በመኸር ሁለት የሚመልስ ሰው በየሰፈሩ ይታወቃል። አበዳሪም ያጣ እንደ ሆነ በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ በሚመጣው ዓመት መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከገዛ መሬቱ ምርት ግማሹን ይቀበላል። እንግዲህ የሁለት ወር ረሃብ የሁለት ዓመት ድህነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው ረሃብ የሚመጣው እህል ከአገር ሲጠፋ ብቻ ይመስለዋል። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ መርምሮ ነበር። ያገኘውም ነገር የሚያስገርም ነው። ሕዝቡ በዚያ ሁኔታ ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አልተወደደም። የዚህም ምክንያት ገበሬው እህሉ በድርቅ ሲጠፋበት የሚሸጠው ነገር አብሮ ስለ ጠፋበት፣ ከብቱም ዋጋ ስላጣበት፣ እህል በገበያ ተቀምጦ ሳለ የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየው ብዙ ነው፤ ወጣቶቹም ከወላጆቻቸው ሰምተዋል።

ባለፉት ዓመታት ድርቁ ብቻውን አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የላሊበላን እንግዳ ባስቀረ ጊዜ ዕንቁላልና ዶሮ፣ ማርና ማገዶ ለከተማው ይሸጥ የነበረው ገበሬ ገዢ አጣ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መንገድ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ መብራትም ጠፋ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተነሣው ሌላው ግጭት እንደ ገና መንገድ አዘጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ናረ። በ2017 ዓ.ም. በጎረቤታችሁ በቡግና ሕፃናትና እናቶች በምግብ እጥረት ክፉኛ እንደ ተጎዱ ተነግሯል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ዕርዳታ የብዙ ሰው ቤት እንዳይፈርስ አድርጓል፤ ዳሩ ግን መንገድ ሲዘጋ ዕርዳታውም ይዘገያል። በመንደር ውስጥ ያለ 1 ኩንታል በደሴ ካለ 10 ኩንታል የሚበልጥበት ወር አለ። የመንደር ጎተራ የሚያስፈልገው ለዚያ ወር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በመጀመሪያ ጎተራው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በሐቅ ማወቅ ይገባል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብንመድብ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ኪሎ ይሆናል። ጎተራችሁ 40 ኩንታል፣ ማለት 4,000 ኪሎ ቢይዝ፣ ለአንድ ወር 53 ቤቶችን ይመግባል። ሐምሌንና ነሐሴን ለማሻገር ከሆነ ግን 26 ቤቶችን ብቻ ነው። በመንደሩ 120 ቤቶች ቢኖሩ ለሁሉ አይዳረስም ማለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለአባላቱ በግልጥ ሳይናገሩ ጎተራ የሚከፍቱ ሰዎች በሁለተኛው ክረምት በር ላይ ጠብ ይጠብቃቸዋል። የጎተራው ሥራ መንደሩን ሁሉ መመገብ አይደለም፤ በሬውን ወይም ዘሩን ሊሸጥ የተነሣውን ቤት ከመሸጥ ማስቀረት ነው። ስለዚህ ማን እንደሚቀድም በግንቦት፣ ገና ሰው ሁሉ ሳይርበው፣ በጠቅላላ ስብሰባ ስም እየተጠራ ይወሰን። ነሐሴ ላይ በሊቀ መንበሩ ቤት ደጃፍ የሚወሰን ነገር ለጉልበተኛው ያደላል። የሚያዋጣው እህል የሌለው ድኻ ደግሞ በጉልበቱ ድርሻውን ይስጥ፤ ጭድና ጭቃ ያቡካ፣ ጣራ ይጠግን፣ እህል ያጓጉዝ።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር፣ ጎተራው በብር እንዳይቆጠር ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ድካሜ ከንቱ አይሆንም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። ማኅበሩ በጥር 40 ኩንታል ስንዴ አንዱን በ5,000 ብር ገዛ፤ 200,000 ብር አወጣ ማለት ነው። በነሐሴ ገበያው 7,000 ብር ሲደርስ፣ ኮሚቴው ለአባላቱ አዝኖ በ5,500 ብር ሸጠላቸው፤ 220,000 ብር ተሰበሰበ። መዝገቡ ሲታይ 20,000 ብር ትርፍ ተገኝቷል፤ ሁሉም ሰው አጨበጨበ። በሚቀጥለው ጥር ግን የአንዱ ኩንታል ዋጋ 6,500 ብር ሆኖ ተገኘ። በ220,000 ብር የሚገዛው 34 ኩንታል እንኳ አይሞላም። በመዝገቡ ላይ ትርፍ የተባለው በጎተራው ውስጥ የ6 ኩንታል ጉድለት ሆነ። ይህ ሦስት ጊዜ ቢደገም ጎተራው ሌባ ሳይገባበት፣ ነቀዝም ሳይበላው፣ በርኅራኄ ብቻ ያልቃል።

እንግዲህ በሚሸጡበት ጊዜ ዋጋውን ከትናንቱ መግዣ ጋር አታስተያዩት፤ በመጪው ጥር መልሶ ከሚሞላበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። በዚሁ ምሳሌ ጎተራው በ6,700 ብር ቢሸጥ ኖሮ 268,000 ብር ይሰበሰብ ነበር፤ በዚያም 41 ኩንታል ይገዛ ነበር። ገዢውም ቢሆን አልተጎዳም። ከገበያው በኩንታል 300 ብር አትርፏል፤ በትክክለኛ ሚዛን ከቤቱ አጠገብ ገዝቷል፤ ቀኑንም በመንገድ አላጠፋም። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ጎተራው ከነጋዴው በምን ተለየ?» ትሉ ይሆናል። ጎተራው የሚለየው በሚመጣው ዓመትም እዚያው ስለሚገኝና ትርፉ የእናንተው ስለሆነ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ዋጋው ጫፍ እስኪደርስ እህሉን ይዞ አለመጠበቅ ነው። በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ፣ በኒጀርና በቡርኪና ፋሶ፣ ከ1970ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ድርቅ ወዲህ እጅግ ብዙ የእህል ባንኮች ተከፍተው ነበር። ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ብድር ሳይመለስ የቀረባቸው አሉ፤ አመራሩ የተበላሸባቸው አሉ፤ ዋጋ ይወጣል ብለው ሲጠብቁ የዕርዳታ እህል ገብቶ ገበያው የወረደባቸውም አሉ። ስለዚህ ሽያጩን በሰኔ ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አውጡ። የተሰበሰበውም ብር በሰው ኪስ አይቆይ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተመዘገበ ማኅበር በራሱ ስም ሒሳብ ሊከፍትና ባለ ዕዳውን ሊከስ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ጎተራ ግን ገንዘቡ በግለሰብ ስም ይቀመጥና ሰውየው የሞተ ዕለት ክርክር ይነሣል። መልሶ መግዛቱንም ከገና በዓል በኋላ አድርጉት። ምእመናኑ ከየአገሩ ወደ ላሊበላ በሚጎርፉበት ሳምንት የሚበላው ሁሉ ተፈላጊ ስለሚሆን፣ በዓሉ አልፎ ገበያው ሲረጋ መግዛት ይሻላል።

ከሽያጭ ይልቅ የሚያዋጣው ግን እህልን በእህል ማበደር ነው። እህል አበድራችሁ እህል የምትቀበሉ ከሆነ የብር መርከስ አይነካችሁም። 1 ኩንታል የወሰደ 110 ኪሎ ይመልስ ብላችሁ ብትወስኑ፣ ከ40 ኩንታል ብድር 4 ኩንታል ይጨመራል። ከዚህም ውስጥ 1 ኩንታል ለአይጥና ለክብደት መቀነስ፣ 1 ኩንታል ለጆንያ፣ ለቁልፍና ለጠባቂ፣ የቀረው 2 ኩንታል ለጎተራው ማደጊያ ይሁን። ይህ አራጣ ነው ብሎ ኅሊናው የሚከብደው ሰው ቢኖር ጭማሪው ወደ ማንም ሰው ቤት እንደማይገባ ይነገረው።

የብድሩ መሰብሰቢያ ቦታ አውድማው ነው። እህል አንድ ጊዜ ወደ ቤት ገብቶ ጎታ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ለማውጣት ልብ ይከብዳል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ሠርግ ይደርሳል፣ ተዝካር ይወጣል። ኮሚቴው የየሰውን የመውቂያ ቀን አስቀድሞ ይጠይቅና ሚዛኑን ይዞ ይሂድ። ያበደሩበትና የሚቀበሉበት ሚዛን አንድ ይሁን። በደረቁ ወስዶ በእርጥቡ የሚመልስ፣ ነጭ ጤፍ ወስዶ ሠርገኛ የሚያመጣ ሰው አለና፣ የእህሉ ዐይነትና ጥራት በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ለድግስ የሚሆን ብድር ግን ከቶ አይሰጥ። በዚህ ነገር የሚቆጡኝ እንዳሉ ዐውቃለሁ።

ዕድራችሁን ተመልከቱ። ከአባቶቻችሁ ዘመን ጀምሮ የቆየ ዕድር በየሰፈሩ አለ፤ ከዕድሩ ብዙ እጥፍ ሀብት ይዞ የተከፈተ ጎተራ ግን በሦስተኛው ዓመት ሸረሪት ያደራበታል። ይህ ለምን ሆነ? ዕድሩ በታወቀ ቀን ከሁሉ ሰው ትንሽ ይሰበስባል፤ ስም በጉባኤ ይጠራል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ጎተራው ደግሞ ከውጭ በመጣ እህል ስለ ተጀመረ ማንም የእኔ ነው አይለውም። በነአኩቶ ለአብ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳ ሲጠራቀም አይታችኋል፤ ገንዳው የሚሞላው በጠብታ ነው። እንደዚሁም ከየቤቱ በየመኸሩ አንድ ቁና ቢዋጣ፣ ረድኤቱ ቢቀርም ጎተራው አይራቆትም። ባዋጣው ቁና ላይ ደግሞ ሰው ዓይኑን አይነቅልም።

ይህ ነገር በሌላ አገርም ታይቷል። በ1846 እና በ1847 በአውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር ረሃብ በነበረ ጊዜ፣ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ የቫየርቡሽ መንደር ሹም ሀብታሞቹን አስተባብሮ ለድኾች ዱቄትና ዳቦ በብድር የሚሰጥ ማኅበር አቋቋመ፤ የጋራ ዳቦ መጋገሪያም አሠራ። ኋላም በ1854 በሄደስዶርፍ በባለጠጎች ቸርነት የቆመ ሌላ ማኅበር መሠረተ። ዳሩ ግን ዓመታት ሲያልፉ የባለጠጎቹ ትጋት እየቀዘቀዘ ሄደ። ስለዚህ በ1864 ማኅበሩን ለውጦ ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባልና ዋስ እንዲሆኑ አደረገ። የገበሬ የብድርና የቁጠባ ማኅበር በዓለም ላይ የተስፋፋው ከዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው። በእኛም አገር ስለ ገበሬ የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጀመሪያው ድንጋጌ የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነበር።

አሁን ደግሞ ከባዱን ጥያቄ ላንሣ። ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ቢቆም፣ ገብሱም ሳያፈራ ቢደርቅ፣ የተበደረው ሰው ከምን ይመልሳል? ብዙው ጎተራ የሚሞተው በዚህ ዓመት ነው። ኮሚቴው ካስጨነቀ ድኻው ፍየሉን ሸጦ ይከፍላል፤ ጎተራው የተከፈተበት ምክንያት ተሻረ ማለት ነው። ኮሚቴው ከማረ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት መክፈል የሚችለውም አይከፍልም። እኔ የምመክራችሁ ይህ ነው። ደንቡ በጥጋብ ዓመት ይጻፍ። አዝመራው ጠፋ የሚባለው በማን ምስክርነት እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ ከየጎጡ በተመረጡ ሽማግሌዎችና በእርሻ ልማት ሠራተኛው፣ አስቀድሞ ይወሰን። ጠፋ ከተባለ ጭማሪው ለሁሉም እኩል ይቅር፤ ዋናው ግን ለሁለት መኸር ይከፈል እንጂ አይማር። ለአንድ ሰው ብቻ የሚደረግ ምሕረት በጨለማ እንደሚደረግ ነገር ነው፤ ወንድም ለወንድሙ ያደርገዋል። ከመነሻው እህል ደግሞ አንድ እጅ ከአራት፣ በ40 ኩንታሉ 10 ኩንታል፣ በደጉ ዓመት ፈጽሞ አይነካ።

ለዚህ ለማይነካው እህል ጤፍ ከሁሉ ይሻላል። ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ ሊበሳው አይችልም፤ በደረቅ ቦታ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ስንዴ፣ ማሽላና ባቄላ ግን በነቀዝ ስለሚበሉ ቶሎ ቶሎ ይገላበጡ፤ አሮጌው እየወጣ አዲሱ ይግባ። ማናቸውም እህል ሳይደርቅ አይግባ። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጨው ከእህሉ ጋር በደረቅ ጠርሙስ ጨምራችሁ ናጡት፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደ ገና ይሰጣ። ጆንያው በመሬት ላይ አይቀመጥ፤ ርብራብ ይሠራለት፤ ከግድግዳውም ሰው ዞሮ የሚያይበት ያህል ይራቅ። ሦስት ድርብ ያለው፣ አየር የማያስገባው ከረጢት ከተገኘ እጅግ ጥሩ ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ ተጠምዝዘው ጥብቅ ተደርገው ከታሰሩ በውስጡ የገባ ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ነገር ግን በየቀኑ ከተከፈተ ወይም አይጥ ከበሳው ጥቅም የለውም። ስለ ፎስቶክሲን አንድ ቃል ልናገር፤ ይህ ፍሬ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው በሚያድርበት ቤት ቢደረግ ቤተሰቡን ሊፈጅ ይችላል። የሠለጠነ ሰው ሳይኖር አትንኩት።

ያለፈው ጦርነት ያስተማረን ነገርም አለ። እህል ሁሉ በአንድ በር ውስጥ ከሆነ አንድ ዘራፊ ሁሉንም ያገኛል። ስለዚህ ግማሹ በጎተራው፣ ግማሹ ከየጎጡ በታመኑ አባላት ቤት፣ ተመዝኖና ታሽጎ በፊርማ ይቀመጥ። የጎተራው በር ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱም በአንድ ቤት ወይም በአንድ ዘመድ እጅ አይሁኑ፤ አንዱን የምትይዘው ሴት ትሁን። በየቤቱ የጎታውን ልክ የምታውቀው እርስዋ ናትና፣ ጎተራው መጉደሉን ከወንዶቹ ቀድማ ታያለች።

ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንደኛው እህሉ ገብቶ ሲያልቅ በጥር፣ ሁለተኛው በሰኔ መባቻ፣ ሽያጩና ብድሩ ሳይጀመር። ጆንያ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ከላይ ስንዴ ከታች ገለባ የሆነ ጆንያ ይኖራልና ጥቂቱ እየተመረጠ ይመዘን፤ ይገልበጥም። ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ። ማንበብ የማይችለውም እንዲያውቀው በበሩ ላይ ለእያንዳንዱ ኩንታል አንድ መስመር በከሰል ይሰመር፤ የአምናውም መስመር ሳይጠፋ ከጎኑ ይቆይ።